ለልደታ የተሳልኩት ዳቦ

ግንቦት ልደታ ቤት ውስጥ አትከበርም። ማርያም የተወለደችው ደጅ፣ ተራራ ላይ ነው ስለሚባል፣ ንፍሮው ደጅ ተቀቅሎ ደጅ ይበላል። እኛ በምንወጣበት የኦክላንድ ፓርክ ግን እሳት ማንደድ ክልክል ነው። ስለዚህ የልደታችን አለቃ፣ አደይ የምንላቸው ኤርትራዊት እናት፣ ንፍሯቸውን አፓርታማቸው በረንዳ ላይ በጋዝ ምድጃ ይቀቅሉና «በረንዳም ደጅ ነው፤ ንፋስ እየመታኝ አይደል?» ይሉ ነበር። ከዚያ ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለን በመኪና ወደ ኮረብታው እናወጣዋለን።

አደይ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ የጨረሱ፣ አማርኛቸው ከእኔ የሚሻል፣ ኦክላንድ ውስጥ የቅመምና የጤፍ ሱቅ የነበራቸው ሴት ናቸው። ዙሪያቸውን አሥር አሥራ ሁለት ሴቶች እንሰበሰባለን። ግንቦት አንድ የሥራ ቀን ከዋለ ወደ ቅርቡ እሁድ እንገፋታለን፤ ያ እሁድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካኖቹ የእናቶች ቀን ነው። ፓርኩ አበባ በያዙ ቤተሰቦች ይሞላል። ስድስት ዓመት ሙሉ ልጅ እየፈለግሁ ላጣሁት ለእኔ፣ ከዚያ የባሰ ቀን ቢታሰብም አይገኝም ነበር።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። አደይ ጣታቸውን ቅቤ ውስጥ ነክረው፣ ጥላው ስር የምንቀመጥበትን የትልቁን የኦክ ዛፍ ግንድ ይቀባሉ፤ ከንፍሮው አንድ እፍኝ ሥሩ ላይ ይበትናሉ። እዚህ የተወለዱት ልጆች በእንግሊዝኛ «ዛፉን ለምን ታበሉታላችሁ?» ይላሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ቄስም ሰምተው «ባዕድ አምልኮ ነው» ብለው አደይን ገሥጸዋቸው ነበር። «አባቴ፣ ዛፉን አላመልከውም» አሏቸው አደይ፤ «ጥላው ስር ልቀመጥ ነው። ባዶ እጄን የማንም ጥላ ስር አልቀመጥም።» ቄሱ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ደግሞ አንዲት ነጭ ነርስ ነበረች። እሷ በፈረንጆቹ ሜይ መግቢያ ላይ የአበባ ጉንጉን ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ፣ ከጓደኞቿ ጋር በረጅም ምሰሶ ዙሪያ ሪባን ይዛ የምትጨፍር ናት። አንድ ጊዜ ወሰደችኝ። «ይሄ ከክርስትና በፊት የነበረ የፀደይ በዓል ነው» አለችኝ፣ በኩራት። የእኛን ስነግራት «ያው አንድ ነው!» ብላ አቀፈችኝ። ይህንን ልደታ ላይ ባወራው አንዷ ልትበላኝ ምንም አልቀራትም። እነሱ አረማዊ ነን ብለው ይኩራራሉ፣ እኛ ቅቤውን ቀብተን አረማዊ ስንባል እንቆጣለን። እኔ ግን የቀናሁት በሌላ ነገር ነው። ሪባናቸውን ይዘው ይዞራሉ፣ ይስቃሉ፣ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ማንም ምንም አይለምንም።

እኛ ዘንድ ስለት አለ። የቸገራት ሴት በዓሉ ላይ ከሚቆረሰው ዳቦ አንድ ቁራሽ ወስዳ ትሳላለች፤ ከሰመረላት በዓመቱ ሙሉ ዳቦ ጋግራ ትመጣለች፣ እልል ይባልላታል። በስድስተኛው ዓመት እኔም ቁራሽ አነሳሁ። ሐኪሞቹ ምክንያቱን አላገኘነውም ብለው ሰልችተውኛል፤ ልመና ሲበዛ ያስጠላል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ «ልደታዬ፣ ብቻ ልፀንስ። መፀነስ እንደምችል አሳይኝ፣ ሌላ አልልሽም» አልኩ። ልጅ ስጪኝ አላልኩም። ታቅፌ ልምጣ አላልኩም። አፌን ቁርጥ ያድርገውና፣ እንደዚያ ብቻ አልኩ።

ጥቅምት ላይ ፀነስኩ። አደይ ሱቃቸው ውስጥ እንደ ልጅ እግር ዘለሉ፤ ሴቶቹም በየተራ ኮል እያደረጉ «ዳቦው እንዳይረሳ!» ይሉኝ ጀመር። ሚያዝያ ላይ፣ በስድስተኛ ወሬ፣ አንድ ቀን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ሆስፒታል ስደርስ የልጄ የልብ ምት ቆሟል። እንደ ማንኛዋም ወላድ አማጥኩና ወለድኳት። ሴት ነበረች። የሆስፒታሉ ነርስ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ከእጄ እስክትወስዳት ድረስ ታቅፌያት ቆየሁ።

ለማንም አልነገርንም። ባለቤቴ ሚልፒታስ ከተማ ባለ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ይሠራል፤ በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባ። «ማን ምን ሊያደርግልን? ዝም አይነቅዝም» አለኝ። ይነቅዛል እንጂ! ቤታችን ውስጥ ዝምታው ነቅዞ አቧራው ጉሮሮዬን ይዞኝ ነበር። ስልክ ሲደወል አላነሳም፤ ሴቶቹም «አርፋ ትተኛ፣ ከብዷት ነው» ተባብለው ተውኝ። በአገራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣላል፣ ጎረቤት ፍራሽ ላይ አብሮ ይቀመጣል። ለእሷ ግን የመጣ ሰው የለም። የምትጠራበት ስም፣ የሚያስታውሳት ዘመድ የላትም፤ ሰዎቹን የማን ለቅሶ ነው ብዬ ልጥራቸው?

ግንቦት ስትቃረብ እንቅልፍ ያሳጣኝ ዳቦው ነው። ስለቴን በቃሉ ስይዘው፣ ሰምሮልኛል። ልፀንስ ብዬ ነበር፤ ፀነስኩ። ልደታ አላታለለችኝም፣ ያሳነስኩት እኔ ነኝ። ይህንን ለባለቤቴ ስነግረው ተቆጣ።

«ሰው እንዲህ ያስባል? አትሄጂም!»

«የተሳልኩትን ካላደረስኩ ሌላ ቢመጣብኝስ?»

«ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል?» አለና እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሄድኩ። ቅዳሜ አብኩቼ፣ እሁድ ጠዋት ድፎውን ጋግሬ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ኮረብታውን ወጣሁ። ያን ዓመት ግንቦት አንድ ራሷ እሁድ ላይ ውላ፣ የእናቶች ቀንም እሷው ነበረች። ሰፊ ቀሚስ ለብሻለሁ፤ ከሩቅ ምንም አይታወቅም። ሴቶቹ ዳቦውን ሲያዩ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው እልልታቸውን አቀለጡት። ከጎናችን ሽርሽር የመጡት ፈረንጆች ሳይቀሩ አጨበጨቡ። አንዷ ሮጣ መጥታ ሆዴን በእጇ ዳበሰች። እጇ እዚያው ቀረ።

«ሞታ ነው የተወለደችው» አልኩ። «አራት ሳምንት ሆናት። ዳቦውን ያመጣሁት ስለት ስለሆነ ነው።»

ያልኩት ከኋላ ላሉት ቶሎ አልደረሰምና እልልታው ትንሽ ቀጠለ፤ ከዚያ ተቋረጠ። ሁሉም አደይን አዩ። እኔ የጠበቅሁት «አንቺ ልጅ፣ በበዓል ቀን!» የሚል ቁጣ ነው። አደይ ዳቦውን ከእጄ ተቀበሉና ሣሩ ላይ አስቀመጡት።

«ስንት ወሯ ነበር፣ ጓለይ?» ልጄ ማለታቸው ነው፣ በትግርኛ።

«ስድስት።»

«አምጠሽ ነው የወለድሻት?»

«አዎ አደይ። ከጠዋት እስከ ማታ።»

«ታቅፈሻታል?»

«ታቅፌያታለሁ።»

«እንግዲያ ወልደሻል» አሉ። ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ለወላድ ሁሉ የሚባለውን፣ ለእኔ ግን ማንም ያላለኝን አሉኝ፦ «እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

ከዚያ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቀዘቁና ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹም አንድ በአንድ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አንዷ እንደ ለቅሶ ቤት «እግዜር ያጥናሽ» አለችኝ፣ ሌላዋም ቀጠለች፣ እስከ መጨረሻዋ ድረስ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ልጅ አልወለድኩም። ያን እሁድ ግን፣ ሰዉ ሁሉ ለእናቱ አበባ ይዞ በሚያልፍበት መሀል፣ ለልጄ ለቅሶ ተቀመጥኩላት፣ ጮኼም አለቀስኩ።