ባትሪ በጋን ተጭኖ፦ ከጎንደር ዛሪማ ደርሶ መልስ

ጎንደር፣ ዓርብ ጎሕ ሲቀድ

ካሚዮኗ በአያ ደምለው ደጅ ቆማለች። ቀለሟ የተላጠ፣ ግንባሯ ሰፊ፣ ጭነቷ በስልቻ የታሰረ ጤፍና በርበሬ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እስከ ዛሬ የማውቀው መኪና በእግር የሚረገጠውን ብቻ ነው። ዛሬ ግን ልቤ ከእኔ ቀድሞ ዛሪማ ወርዷል። ታላቅ እህቴ አንጓች ጣሊያን ለሚያሠራው መንገድ ሠራተኞች ወጥ ልትሠራ ወደዚያ ቆላ ከወረደች ቆይታለች። ትናንት ከወደዚያ የመጣ ነጋዴ ሱቄ ደጃፍ ቆሞ፣ "እህትህን ንዳድ ጥሏታል። ቶሎ ደጋ ካላወጣችኋት ነገሩ ሸጋ አይደለም" አለኝ። መቀሱን የት እንደጣልኩት እንኳ አላስታውስም።

አያ ደምለው ጎረቤቴ ናቸው፤ የካሚዮኗም ሾፌር እሳቸው። ስለምናቸው አላንገራገሩም።

"እወስድሃለሁ። መውረዱ ቀላል ነው፤ ጭንቁ መውጣቱ ነው" አሉኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ይህች ካሚዮን እሳቷን የምታገኘው ከባትሪዋ ነው። ባትሪው ከሞተ ብትገፋት፣ ብትጎትታት፣ ተንበርክከህ ብትለምናት አትነሣም። የቆላ በጋ ደግሞ የባትሪ ጠላት ነው፤ ውኃውን አፍልቶ ያደርቀዋል። አምና አያ ደምለው እዚያው በረሃ ባትሪ ሞቶባቸው ሌላ መኪና እስኪያልፍ ፀሐይ ሲበላቸው ከርሟል። ከዚያ ወዲህ ባትሪያቸውን እንደ አራስ ነው የሚይዙት።

ኧረ አያያዙን ባያችሁት! ከሞተሩ ጎን ነቅለው ከጭነቱ ላይ ከኋላ አስቀምጠውታል፤ ሽቦውን አስረዝመዋል። ያስቀመጡትም በሁለት ሰፋፊ ጋን ነው፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ፣ ዙሪያውን መንገድ እንዳይሰብረው ጭድ። ውኃ የተሞላ እንስራ ላብ እያወጣ ውኃውን እንደሚያቀዘቅዘው ሁሉ፣ ውጭኛው ጋን እያላበው ባትሪውን ያበርዳል ብለው ነው። ሐሳቡ የራሳቸው፣ ሸክላው የወለቃ።

ለባትሪው የሚጨመረውን ውኃ ያዘጋጀችው ባለቤታቸው ላቀች ናት። የወንዝ ውኃ አፈርና ጨው ስላለበት ባትሪውን ይገድለዋል። ስለዚህ ላቀች የአረቄ ማውጫዋን ሸክላ አጥባ፣ ጌሾ የለ ብቅል የለ፣ ባዶ ውኃ ቀቅላ እንፋሎቱን ጠብታ በጠብታ በጠርሙስ አጠራቀመችው። "መንደሩ ሁሉ አረቄ የወጣ መስሎት ሲያሸት ዋለ" ብላ ሳቀች። ጭዱን ገለጥ አድርጋም ጋኑን አሳየችኝ፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ፊት የሚያሳይ። የጎመን ዘር ሽታ ሽው አለኝ። እጅሽ ይባረክ አልኳት፣ የምሬን ነው።

ወለቃ

ከከተማው እንደወጣን ወለቃ ነው። የቤተ እስራኤል ሴቶች ከመንገድ ዳር ሸክላ ደርድረዋል። እመት ያልጋነሽ፣ የጋኖቹ ባለሙያ፣ ኩበት እየከመረች ነበር። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቷን አጥፍታ ሰንበቷን ልትቀበል ጥድፊያ ላይ ናት። እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። ከእኛ ሰው ከተነካኩ መታጠብ ሕጋቸው ነውና ራቅ ብላ ቆማ ሰላም አለችን።

"አያ ደምለው! ጋኑ ላብ ካወጣ አትደንግጥ። ያልበው፣ እሱ ነው ሥራው!" ብላ ጮኸች።

"ያልበዋል!" አሉ አያ ደምለው፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው።

ዳባትና ደባርቅ

መንገዱ ይወጣል። ታጭዶ ያለቀ የገብስ ማሳ ግራና ቀኝ፣ የድንጋይ ካብ፣ ጭስ የሚተነፍሱ ጎጆዎች። ዳባት ላይ ገበያ አለ፤ በግ እየነዱ መንገዱን የዘጉ ሰዎች ጥሩምባው ሲነፋ በጉን ትተው ራሳቸው ይሸሻሉ። ኬላው ላይ የቆመው ወታደር ጭዱን በሣንጃ ወጋ ወጋ አድርጎ ጋኑን ሲያይ "ጠላ ነው?" አለ። አያ ደምለው ባትሪ ነው ሲሉት፣ ዘወር ብሎ ለባልደረባው፣ "ባትሪያቸውን ጠንስሰውታል" አለውና ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳልፈልግ።

ደባርቅ ብርዱ አጥንት ይፈልጋል። ዓርብ ነውና የገብስ ቂጣ በሱፍ በልተን ተነሣን። ምግብ የሸጠችልን ሴት የጣሊያን ሊሬ በጣቷ ጫፍ ይዛ አገላብጣ አየችውና "እስቲ ይሁን" ብላ ከመቀነቷ ከተተችው። አንጓችን ስመልስ እዚህ ስትደርስ የምትለብሰውን ጋቢ ከጉያዬ አላወጣሁም፤ እናታችን ፈትላ ያሸመነችው፣ ድርብርብ፣ ወፍራም ጋቢ።

ሊማሊሞ

ይኸን እንዴት ልጻፈው? ምድር በድንገት አለቀች። ከፊታችን ገደል፣ ከገደሉ በታች ሌላ ተራራ፣ ከዚያ በታች ጉም። መንገዱ እንደተተረተረ ክር እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ጣሊያን ሠራው ይላሉ። እኔ ግን ድንጋዩን በመዶሻ የሚፈልጡትን የአገሬን ሰዎች አይቻለሁ፤ እጃቸው እንደ ተረከዝ ተሰንጥቋል፣ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። ስናልፍ አንዱ መዶሻውን አንሥቶ፣ "መንገዱ ሸጋ ነው?" አለን። "ሸጋ ነው፣ እጃችሁን አይንካው!" አልኩት።

አያ ደምለው በየመታጠፊያው ያማትባሉ። አንዴ ሁለቱንም እጃቸውን ሲያነሡ አየሁና፣ "አያ፣ በአንድ እጅ ይበቃል፣ ያቺን መሪ ይያዙልኝ!" አልኳቸው። ከገደሉ ግርጌ ካለው ድብ ባሕር ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊት ተቀበለን።

ዛሪማ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ

ቅጠል የሌለው ግራር፣ ነጭ አቧራ፣ ጥላ የሚሻሙ ፍየሎች። አንጓች በሣር ጎጆ ውስጥ ጠፍር አልጋ ላይ ተኝታለች። ጉንጯ ገብቷል፣ ዓይኗ ቢጫ። ግንባሯን ስነካው እጄን አቃጠለኝ።

"መጣህ? ከፈኔን ልትለካ የምትመጣ መስሎኝ ነበር" አለችኝ።

"ጨርቅ ጠፍቶ ነው የቆየሁት" አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ግን እንባዬን በክንዴ ጠረግሁ።

ወዲያው ልንጭናት ስል የአያ ደምለውን ድምፅ ሰማሁ። "ላቀች! አንቺ ሴትዮ! ምን አደረግሽኝ!"

ሮጥኩ። ጭዱን ገልጠው ቆመዋል። ጋኑ ጠብታ ላብ የለበትም። ደረቅ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ምጣድ የጋለ። በመካከሉ ያለው አሸዋ እንደረጠበ ነው፤ ውኃው ግን የሚወጣበት የለውም። አያ ደምለው ጎንበስ ብለው አሸተቱት።

"በጎመን ዘር አሟሽታዋለች" አሉ።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ጎንደር ውስጥ አዲስ ሸክላ ሳታሟሽ ወደ ሥራ የምታስገባ ሴት ማን አለች? ላቀች ባሏን ልትረዳ ብላ፣ እንዳያፈስ፣ እንዳይሰነጠቅ፣ በጎመን ዘር አሽታ፣ በእሳት ለብልባ፣ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍናዋለች። ደግሞ እንዴት አድርጋ ነው ያሟሸችው! የዓመት ጠላ ይይዛል። ላብ ግን አያወጣም።

ባትሪውን ከፈቱት። የከረመ እንቁላል ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ውኃው ወርዶ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ጫፋቸው ተራቁቷል። አያ ደምለው የመኪናዋን መብራት አብርተው አዩ፤ እንደሚጠፋ ፍም ቀላ አለና ደከመ።

"አሁኑኑ እንነሣ! ነፍስ እያለው" አልኩ።

"አይሆንም። አሁን ካስጨነቅሁት የቀረችውን ይጨርሳታል። ይጠጣ፣ ይብረድ፣ ይደር። ሲነጋ በቀዝቃዛው እንሞክራለን።"

"እህቴ እየነደደች ለሣጥን ያዝናሉ?"

"ለሣጥኑ አይደለም የማዝነው። ሊማሊሞ መሐል ብትቆም ሦስታችንም እዚያው ነን" አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

ከጎጆው ውስጥ አንጓች ጮኸች፤ እንዲያ ተኝታ ድምፁን ከየት እንዳመጣችው እንጃ። "ዝም በል አንተ! ባትሪው ካልተነሣ አንተ አዝለህ ልታወጣኝ ነው? እነዚህን ቀጫጭን እግሮችህን ይዘህ?"

ጠርሙሱን አቀበልኳቸው።

አያ ደምለው የላቀችን ውኃ በየቀዳዳው ቀስ እያሉ ጨመሩ፤ ሰሌዳዎቹን እስኪሸፍን ብቻ፣ እስከ አፉ አይደለም። በሽቦው ራሶች ላይ የተጋገረውን ነጭ ነገር በአመድ ውኃ አጥበው አደረቁ። ከዚያ ዙሪያቸውን ተመለከቱ። "ጋኑ ካላላበው እኛ ላብ እናበጅለታለን። ውኃ የሚጠጣ ወፍራም ጨርቅ እፈልጋለሁ።" ስልቻው ሁሉ ቆዳ ነው። ቆላ ነውና በሰፈሩ የለበሰ ሰው ቢገኝ እንኳ ስስ ነጠላ ነው።

የተሰበሰበው የሰፈር ሰው ሁሉ ወደ ጉያዬ ተመለከተ።

"ይኸ የእሷ ነው። ደባርቅ ላይ በምን ልሸፍናት?" አልኩ።

"ደባርቅ ልደርስ ነው እንዴ ሳይነሣ? ስጠው!" አለች አንጓች ከጎጆው ውስጥ።

የእናቴን ጋቢ በዛሪማ ወንዝ ነከርኩት። ጋኑን ጠቀለልነው፣ ወደ ጥላ ወስደን ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አቆምነው። ከዚያ በኋላ ሥራዬ አንድ ነበር፤ በቅል እየቀዳሁ ለጋቢው አፈሳለሁ፣ ነጠላ ነክሬ ለእህቴ ግንባር አኖራለሁ። ተራ በተራ። ሁለት በሽተኛ እንደያዘ ሰው።

ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋጋ

ጋኑን ነካሁት። ቀዝቅዟል! እንደ ምንጭ ድንጋይ። አንጓች ግን እንደነደደች ናት።

ጋኑን ጫንነው፤ እሷንም ከጎኑ አስተኛናት። አያ ደምለው አማተቡና ቁልፉን ነኩ። ሞተሩ አቃሰተ። ዝም አለ። እንደገና ነኩት፤ አቃሰተ፣ አሳለው፣ ዝም። የሰፈሩ ሴቶች "እመ ብርሃን፣ እመ ብርሃን" ይላሉ። አያ ደምለው እጃቸውን አንሥተው ጥቂት ጠበቁ። የሚጠብቁትን አላውቅም፤ እኔ ብሆን ያን ጊዜ በእርግጫ ነበር የምላት። ሦስተኛውን ሲነኩት ካሚዮኗ ተንቀጠቀጠች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ጮኸች! እልልታው ተራራውን ዞሮ ተመለሰ። እኔም እልል አልኩ፤ ወንድ እልል አይልም የሚለኝ ካለ ዛሪማ ይውረድና ይሞክረው።

ዳገቱን ስንወጣ ጋቢው ላይ ውኃ እያፈሰስኩ ነበር። አንጓች ቀስ ብላ ተንፏቀቀችና ጉንጯን ከእርጥቡ ጋቢ ላይ አሳረፈች። "ኡፍፍ" አለች። አያ ደምለው በኋላ መስኮት አይተው፣ "ከአፉ ራቂ፣ ከጎኑ ሁኚ! የባትሪ ውኃ ያቃጥላል" አሏት። ከጎኑ ሆነች። ሁለት ክንዷን ጋኑ ላይ ጠምጥማ፣ በየመታጠፊያው አብራው እየተወዛወዘች፣ ሊማሊሞን ወጣች። መሐል ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። መዶሻ የያዙት ሰዎች ሲያዩን መንገዱን ለቀው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሬሳ የጫንን መስሏቸው ነው። "ተኝታ ነው! ተኝታ ነው!" እያልኩ ጮህኩላቸው።

ደባርቅ ስንደርስ የደጋው ነፋስ ፊቷን ነካው። ዓይኗን ገልጣ፣ "በረደኝ" አለች። ይኸን ቃል ስሰማ ደስ ያለኝን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። አያ ደምለው የበግ ቆዳ ለምዳቸውን አወለቁላት። እኔ ጋቢውን ፈትቼ ጨመቅሁና ስዘረጋው ዓይኔ ፈጠጠ። በየመታጠፊያው ከባትሪው አፍ የተረጨው ውኃ በልቶታል፤ አንዱ ቀዳዳ ቡጢ ያስገባል። ልብስ ሰፊ ነኝና ወገቤን ነው የያዝኩት።

ወለቃ፣ ማምሻው

ሰንበት ነው፤ ጭስ የለም፣ ሸክላም አልተዘረጋም። እመት ያልጋነሽ ነጭ ለብሳ ከአጥሯ ውስጥ ቆማለች። መኪናዋን ስታይ ወደ መንገዱ ራመድ አለች።

"ላብ አወጣ?"

"አላወጣም። ላቀች አሟሽታዋለች" አሉ አያ ደምለው።

እመት ያልጋነሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ ተንፈቀፈቀች። "ጥፋቱ የእኔ ነው! እንዳታሟሺው ማለት ነበረብኝ። ለማን ይነገራል ብዬ? ሴት ሁሉ የሚያሟሸውን!" ከዚያ ዓይኗ አንጓች ላይ አረፈና ሳቋ ቆመ። "እሷስ? እሷ አላባት?"

ደነገጥኩ። ዞሬ አየሁ። የአንጓች ግንባር ላይ፣ አንገቷ ላይ፣ ከንፈሯ ላይ ላብ ችፍፍ ብሏል። ንዳዱ ለቋት ነበር።

"ያልበው፣ እሱ ነው ሥራው" አለች አንጓች፣ ደካማ ፈገግታ ፈገግ ብላ። ዓርብ ጠዋት የተጮኸውን ቃል መንገድ ላይ ለእሷ ነግሬያት ኖሯል።

ጎንደር

ላቀች በር ላይ ጠበቀችን። ነገሩን ስትሰማ ደረቷን ደቃች፣ ከዚያ እህቴን አቅፋ ስታለቅስ አመሸች። ያ የተሟሸ ጋን ዛሬ የቤቱ ሁሉ ምርጥ የጠላ ጋን ነው። አያ ደምለው ከእመት ያልጋነሽ ሌላ ወስደዋል፤ ላቀች እንዳትነካው ቤታቸው አላስገቡትም፣ እኔ ሱቅ ነው ያስቀመጡት።

አንጓች እግሯ ሲጸና አንድ ቀን ያንኑ ጋቢ ለብሳ ሱቄ መጣች። እኔም መርፌዬን ይዤ፣ በዚያው ፈትል አሳምሬ ልጠግነው ቀዳዳውን ወደ ብርሃን ዘረጋሁት።

ጋቢውን ከእጄ ነጠቀችኝ።

"ተወው" አለችኝ፣ ትከሻዋ ላይ እየመለሰችው። "እኔ የወጣሁት በዚህ ነው።"