የአንኮበር ዳገትና የአቶ ስዩም መኪና

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ አሮጌ መኪና ሊገዛ ነው ብሎ ስልኩን ይዞልኝ መጣ። በስልኩ አንድ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ያስነሳና "ማርያምን! አንድም ቀን ጋራዥ ገብታ አታውቅም" ይላል። ልጁ ሳቀ። እኔ ግን "ዝጋው!" አልኩት፤ ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። ምን ሆንሽ ቢለኝ ቁጭ አድርጌ ይህን ነገርኩት።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አዲስ ሙሽራ ሆኜ ደብረ ብርሃን ገብቻለሁ። ባለቤቴ በየነ ለዓመታት የሰው የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ የራሱን ለመግዛት ቆርጦ ተነሣ። አባቴ መምሬ ኃይሌ የአንኮበር ካህን ነበሩ፤ በሬዎቻቸውን ሸጠው አገዙን። ያገኘናት መኪና አቶ ስዩም የሚባል የከተማችን ነጋዴ ንብረት ነበረች፤ ከኋላ የእንጨት አግዳሚ የተገጠመላት ያረጀች የቤንዚን መኪና።

በየነ ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ብሎ ገና ጎህ ሲቀድ ይዞን ሄደ። ኅዳር ነው፤ ሜዳው በውርጭ ነጥቷል፤ ከየአውድማው የገብስ ገለባ ይሸታል። አባቴ መስቀላቸውን ይዘው፣ እኔም ጋቢ ተከናንቤ ቆመን እናያለን። በየነ መጀመሪያ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ፤ ቀዝቃዛ ነበር፤ ደስ አለው። የሞተር ማስነሻውን ብረት፣ ማኒቬላውን፣ ከፊት አስገብቶ ማዞር ሲጀምር ግን የአንገቱ ሥር ተገታተረ።

"ከበደኝ እኮ፣ አቶ ስዩም።"

"ብርዱ ነዋ! ደብረ ብርሃን መሆኑን ረሳኸው?"

እንደምንም ተነሣች። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። በየነ ከጭስ ማውጫው ኋላ ተንበርክኮ የጭሱን ቀለም አየ፤ ከዚያ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዝዞ ዘይቱን በሁለት ጣቱ አሻሸው፤ አሸተተው፤ ደግሞ አሻሸው።

"ዘይቱ አዲስ ነው። ውፍረቱም የሞተር ዘይት አይመስልም" አለ። "ላፍስሰውና ደንበኛውን ዘይት ሞልቼ፣ ጭነት ጭኜ ጣርማ በር ደርሼ ልመለስ። ከዚያ እንዋዋላለን።"

የአቶ ስዩም ፊት ተለዋወጠ። ባለቤቱ ትኩስ ዳቦና ሻይ ይዛ ብቅ ብላ ነበር፤ እሷም ባለችበት ቀረች። አቶ ስዩም እጁን ወደ ሰማይ አንሥቶ "እመቤቴ ማርያምን! ይህች ሞተር እንከን የለባትም!" አለ።

አባቴ ወደ በየነ ዞሩ። "ልጄ፣ ሰው በእመቤታችን ስም ከማለ በኋላ ዘይት አፍስሼ ልይ ማለት ምን የሚሉት ነው?"

በየነ ቀና ብሎ አያቸው። አማቱ ናቸው፤ ካህን ናቸው። ጣቶቹን በጨርቅ ጠረገና የዘይቱን ዘንግ ወደ ቦታው መለሰ። ገንዘቡ ተከፈለ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ አባቴ መኪናዋን ባረኩ።

ቤት እንደገባን በየነ ዘይቱን አፈሰሰው። እንደ ማር እየተዝለገለገ ወረደ። በአዲሱ ዘይት ሲያስነሳት ከሞተሩ ሆድ ቀጭን ኳኳታ ተሰማ። "ወፍራሙን የሞሉት ይህን ለመደበቅ ነው" አለኝ። "አባባ እንዳይሰሙ፤ ያዝናሉ።" የሞተሩ መለወጫ ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣለት በሜዳው መንገድ ብቻ፣ እያባበለ፣ የእነዋሪን ገበያተኛ ያመላልስ ጀመር። ወደ አንኮበር ዳገት ግን ድርሽ አይልም።

በልግ ገባ፤ ዕቃው አልመጣም። አንድ ቀን ማለዳ ከአንኮበር መልእክተኛ መጣ፤ ታናሽ እህቴ አስካለ ምጥ ጸንቶባታል፤ አዋላጆቹ እጅ ሰጥተዋል። በየነ ማኒቬላውን አነሣና ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት።

ቁልቁለቱን በደህና ወረድን። አስካለን ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ለማድረስ ከኋላ ፍራሽ ላይ አጋድመን ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረግኩ፤ አባቴ ከፊት ተቀመጡ። ዳገቱን ስንጀምር ጉሙ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል፤ ጭቃው ጎማውን ይይዛል። ጥቂት እንደወጣን ኳኳታው ጀመረ። ከዚያ እንደ አንጥረኛ መዶሻ ሆነ።

"ምንድነው የሚያንኳኳው?" አሉ አባቴ።

"ሞተሩ ነው፣ አባባ።"

"ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

አባቴ መስቀላቸውን አወጡ። አንድ ታላቅ የስብራት ድምፅ ተሰማ፤ መኪናዋ ተንቀጥቅጣ ቆመች፤ የጋለ ዘይት ጭቃው ላይ ፈሰሰ። በየነ እየሮጠ ወደ መንደር ሄዶ ሰዎች ጠራ። ቃሬዛ ሠርተው ተሸከሟት፤ እየተፈራረቁ፣ እያዳለጣቸው፣ ዝናቡ እየወረደባቸው። ሜዳው ላይ ሳንወጣ አስካለ አረፈች። ልጇም ከሆዷ ሳይወጣ አብሯት ሄደ።

አቶ ስዩም ለቅሶ ሊደርስ መጣ። አባቴ ፊት ቆሞ "መምሬ፣ እኔም ስገዛት ምለውልኝ ነው የገዛኋት" አለ፤ እያለቀሰ።

"ዘይቱንስ ማን ሞላው?" አሉት አባቴ።

አንገቱን ደፋ። አባቴ ብዙ ቆይተው መስቀላቸውን ዘረጉለት። ተሳልሞ ወጣ። አባቴ ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ ሰው ሊምልላቸው አፉን ሲከፍት እጃቸውን አንሥተው "ሳትምል ንገረኝ" ይሉ ነበር። በየነም ጎልማሳነቱን ሁሉ የሰው መኪና እየነዳ ጨረሰ፤ ስለዚያ ቀን እሱና አባቴ ሲነጋገሩ አልሰማሁም።

የልጅ ልጄ ይህን ሰምቶ "ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?" አለኝ። ስንት ዓመት አሰብኩት፤ አንዱን ሰው ለይቼ ብረግመው እፎይ እል ነበር። ሻጩን ስይዝ ለእሱ የሸጠለት ይመጣብኛል፤ እነሱን ስተው የአባቴ እምነት፣ የበየነ ዝምታ ይመጣብኛል። አስካለ ግን በዚያ ጉም ውስጥ ጥፋቱ የማን ነው ብላ አልጠየቀችም። ዓይኗን ጨፍና እጄን ጨብጣ "ደረስን?" ብቻ ትለኝ ነበር፤ እኔም "እየደረስን ነው" እላት ነበር።