ከጅራቱ በፊት ያለው ምት

ወንድም ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ አስተምሯል። ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም «ቋቋ» ነው፤ ጠረጴዛ ሳይደበድብ አስተምሮ አያውቅማ! «ረጅም ቃል ቆርሰው ካልዋጡት ያንቃል» ይል ነበር። ድምፁ ደከም የሚለውን ቁራጭ በጣቱ ጫፍ ነካ፣ ጠንከር የሚለውን በጣቱ አንጓ ቋ! ቃሉ «ሽን» የሚል ጅራት ካለው፣ ቋ የሚለው ከጅራቱ በፊት ባለው ላይ ነው። እሱ ይጀምራል፣ አንጓው ሲያርፍ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ተቀብሎ ይጨርሳል። እንዲህ ነው ያሠለጠናቸው።

ስትሮክ ሲመታው እጁ ተረፈ፣ አንደበቱ ተያዘ። እኔ ታናሽ እህቱ ላስታምመው ቤቱ ገባሁ። «ውሃ» ለማለት እንኳ ያልበው ነበር። ርእሰ መምህሩ ሊጠይቀው መጥቶ፣ ስሸኘው «ክፍል ውስጥ ቆሞ አንድ ረጅም ቃል ሲጨርስ ከሰማሁ ቦታው የእሱ ነው፤ ካልሆነ ሌላ መቅጠሬ ነው» አለኝ። ደግ ሰው ነው ይሉታል፤ ለእኔ አልታየኝም።

ክረምቱን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስንታገል ከረምን። ለፈተናው «ኮሙኒኬሽን»ን መረጠ። ቋ የምትለዋ «ኬ» ላይ ሲደርስ ይታነቅና ያለቅሳል። እኔም ፊቴን አዙሬ «አንተ ግትር፣ ዛሬ ባይሆን ነገ ነው!» እለዋለሁ። ትምህርት ቤት በሚሄድባት ማለዳ፣ ጫማውን ሳስርለት፣ «ኮ፣ ሙ፣ ኒ፣ ኬ፣ ሽን» አለ። እልል አልኩ።

ርእሰ መምህሩ ከኋላ ተቀመጠ፣ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ወንድም ጋሼ ጠረጴዛውን ነካ ነካ እያደረገ ጀመረ።

«ኮ… ሙ… ኒ…» አንጓውን አሳረፈ። ቋ!

«ኬሽን!» አለ ክፍሉ።

ዝም እንዲሉ እጁን አወዛወዘ፤ ያመሰገናቸው መሰላቸው። እንደገና ሲጀምር ይበልጥ ጮኹ። ባጎረሰ ተነከሰ እንዳልል፣ ሲወዱት ነው። በሦስተኛው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም።

ርእሰ መምህሩ ትከሻውን ያዘው። «ይብቃዎት ጋሼ፣ ደክመዋል።»

«ጠዋት ብሎታል!» አልኩ። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«እህቱ አይደለሽ፣ ምን ታደርጊ» አለኝ።

አሁን ወንድም ጋሼ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ አልጋው ጫፍ ላይ ይውላል። አንዳንዴ ወጥ ቤት ገብቼ ጠረጴዛውን እኔው እመታለሁ። ኮ፣ ሙ፣ ኒ እልና አንጓዬን ቋ አድርጌ ወደ መኝታ ቤቱ ጆሮዬን እጥላለሁ። እስካሁን የጨረሰልኝ የለም።