ሳቢያን ላይ ያልቆምኩበት ዝናብ

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት ዝናብ የያዘኝ ባጃጅ ውስጥ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር መግቢያ ላይ መኪናው ሁሉ ቀብር እንደሚሸኝ ሰው ያዘግማል። የኛ ባጃጅ የዝናብ መጥረጊያ የለውም። ሹፌሩን ብጠይቀው፣ «አቦ ጋሼ፣ ድሬ ላይ በዓመት ስንቴ ይዘንባል ብለህ ነው?» አለኝ። እኔም በወጣትነቴ ይህንኑ ብያለሁ።

ያኔ ከመልካ ጀብዱ ድሬዳዋ በአሮጌ ፔጆ ሰው እመላልስ ነበር። ፀሐዩ የመጥረጊያውን ጎማ እያደረቀ ስለሚሰነጣጥቀው፣ እኛ ሹፌሮች ነቅለን ቤት ማስቀመጥ ልማዳችን ነበር። የኔም ሳቢያን ሰፈር፣ በዚሁ በምመላለስበት መንገድ ዳር ካለው ቤታችን፣ አልጋ ሥር በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

አንድ የክረምት ቀን ኤዶ ሀሊማ መልካ ጀብዱ ላይ ተሳፈረች። የጓደኛዬ የአብዲ እናት ናት፤ ኤዶ የምንላት አክስቴ እንደማለት ነው፤ አንቱታ ደግሞ ድሬ ላይ ብዙም አናውቅም። አብዲ በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ሊሻገር የዚያን ቀን በአሥር ሰዓቱ ባቡር ከድሬዳዋ ይሄዳል። ጠዋት እንዳይሄድ ለምናው እምቢ ሲላት፣ «ከሄድክ ልጄ አይደለህም» ብላው ሳይሰናበታት ወጥቷል። ለስንቅ ይዛለት የመጣችው ሙቅማድ፣ ያ በቅቤ የተጠበሰ ደረቅ ሥጋ፣ መኪናውን በሽታው ሞልቶታል።

«ዋርያ፣ ያንን ቃል መልሼ ልውሰደው። ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ።

«ሃያ ደቂቃ ነው ኤዶ፣ እንደርሳለን» አልኳት።

ትንሽ እንደሄድን ዝናቡ ወረደ። የፊት መስታወቱ ምንም አያሳይም። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ፣ ዓይኔን በእጄ እየጠረግሁ፣ በሁለተኛ ማርሽ ተጎተትኩ።

«መጥረጊያህስ?» አለች።

«ድሬ ላይ ስንቴ ይዘንባል ብለሽ ነው?» ብዬ ልስቅ ሞከርኩ።

ሳቢያን ስንደርስ በራችን ታየኝ። ገብቼ አምጥቼ ለመግጠም አምስት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። አልቆምኩም። አሁን ያባራል ብዬ፤ ደግሞም ለካ እቤትህ ነው ያስቀመጥከው እንዳትለኝ አፍሬ። ዝናቡ ግን አላባራም። የቀረውን መንገድ እግረኛ እየቀደመን ሄድን።

ጣቢያው ስንደርስ ባቡሩ ወጥቷል። ኤዶ ሀሊማ የራሰ ሻሿን እየጨመቀች ሐዲዱ አጠገብ ብዙ ቆመች። ከዚያ ሙቅማዱን አቀበለችኝ።

«ብላው፣ አንተም ልጅ ነህ» አለች።

ከአብዲ አንድም ደብዳቤ አልመጣም። ጀልባው ሰጠመ የሚሉ ነበሩ፤ ያየ ግን የለም። እሷ እስክትሞት ድረስ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፤ መጥረጊያው ሳቢያን እንደነበር አታውቅማ። ሳልነግራት ሞተች።

ማክሰኞ ዕለት ለባጃጁ ልጅ ልነግረው ጀምሬ ተውኩት። ለእሱ ምን ያደርግለታል? ይቅር ልትለኝ የምትችለው አንዲት ሴት ነበረች፣ እሷም የለች። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ያ የሳቢያን በራችን ዓይኔ ላይ ይመጣብኛል፤ ሁልጊዜም ሳልቆም አልፈዋለሁ።