ሳይለቀስለት የቀረው ወንድም

ባለፈው ሳምንት ሐዋሳ ገበያ ውስጥ አንድ ነጋዴ አዲስ የአቡጀዲ ጣቃ ዘርግቶ ሲቀድ፣ የጨርቁ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ባለሁበት ቆምኩ። ሰውዬው «ስንት ሜትር ላድርግልሽ?» እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔ ግን ዲላ ገብቻለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ የታጠበ ቡና ገለባ ሽታ በበሩ ይገባል፣ አከራዬ ከባንኮኒያቸው ኋላ ተቀምጠዋል።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። አከራዬ ወላጆቻቸው ከሸዋ መጥተው የከፈቱትን የጨርቅ ሱቅ የወረሱ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ። አብራቸው የምትኖረው ትንሽ የልጅ ልጃቸው ናት። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ጸጉሩን አፍሮ ያበጠረ ወጣት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። በቀይ ሽብር ጊዜ የተገደለ ታላቅ ወንድማቸው ነው። በዚያ ቤት ከዚህ የበለጠ ስለ እሱ የሚናገር አልነበረም።

የታሪክ መምህራችን ያንን ዘመን ያዩ ሰዎች የሚሉትን በድምፅ እንድንቀዳ አዘዘን። «የሚያውቁት እያለቁ ነው» ይለን ነበር። አከራዬን ለመንኳቸው። «ምን ሊሠራልሽ ልጄ? የሞተ ሞቷል» አሉኝና ጨርቃቸውን መለካት ቀጠሉ።

አንድ ቀን ታዲያ ልጅቷ ፎቶውን ሽቅብ እያየች፣ «አያቴ፣ ሲያወራ ድምፁ እንዴት ነበር? ቀጭን ነው ወፍራም?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሊመልሱላት አፋቸውን ከፈቱ። «እንደ…» አሉና ፎቶውን በነጠላቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ። ልጅቷ ጠብቃ ጠብቃ ሰለቻትና ልትጫወት ወጣች።

እሁድ ከሰዓት በኋላ በሬን አንኳኩ። «ድምፁ ጠፋኝ» አሉኝ። «መልኩ አለ። ሲራመድ ይታየኛል። ድምፁ ግን ከጆሮዬ ወጥቷል። እኔም ስሄድ እንዲሁ ልጥፋባት? በይ ቅጂኝ።»

ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁት። ልጅቷ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ዝናቡ አባርቶ የከሰዓቱ ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ነበር።

ወንድማቸው ሸሚዙን እየተኮሰ ሳለ ነበር አብዮት ጥበቃዎች የመጡበት። «ካውያውን ልንቀለው?» ብሎ ጠየቃቸው፤ «እህትህ ትነቅለዋለች» አሉት። ከዚያ ወዲያ ስንቅ ወደ እስር ቤት የማመላለሱ ሥራ የእሳቸው ሆነ። ምግቡን በጨርቅ ቋጥረው ይወስዳሉ፤ ባዶ ሳህኑ ይመለስላቸዋል። አንድ ጠዋት ዘበኛው ቋጠሮውን ሳይፈታ መለሰላቸው። «ከእንግዲህ አታምጪ» አላቸው። ሌላ መርዶ አልመጣም፤ ሬሳም አልተሰጣቸውም።

ቀበሌው «የአብዮት ጠላት አይለቀስለትም» ብሎ አስጠነቀቀ። ጥቁር መልበስም ተከለከለ። እናታቸው ገበያ እሄዳለሁ እያሉ የቡሌን መንገድ ይዘው ዳገቱን ይወጡ ነበር። ጉሙ ሰውን ከሰው በማያሳይበት የእንሰት ማሳ መሐል ገብተው ጮኸው ጮኸው ይመለሳሉ።

«እማዬ ድምፅዋ ተዘግቶ ትመጣለች» አሉ አከራዬ። «'ብርድ ነው' ትለናለች። እኛም 'አዎ፣ ብርድ ነው' እንላታለን። ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ለስንቱ ሐዘንተኛ ጥቁር ቀደድኩ። ለእሱ ግን አንድ ቀን እንኳ…»

አልጨረሱትም። መጀመሪያ ሳል መሰለኝ። ከዚያ ከሆዳቸው ጥልቅ የወጣ ጩኸት ቤቱን ሞላው። ልጅቷ ደንግጣ እኔ ላይ ተለጠፈች።

ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ አይቀመጥም። ከፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ሴት በራቸውን ገርበብ አድርገው ሮጠው መጡ። ሌሎችም ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ተከተሉ። «ማን ሞተ? ኧረ ማን ሞተ?» ይላሉ።

«ወንድሜ!» አሉ አከራዬ። «ወንድሜን ገደሉብኝ!»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ፎቶው ሄደ። መቼ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አንዲት ሴት ደረቷን መታች፤ ሌላዋ ተቀበለቻት። ከጓሮ የሚኖሩት የጌዴኦ ሽማግሌ ከሟቹ ጋር አንድ ክፍል የተማሩ ነበሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት ላይ ተቀመጡና አማርኛው ወንድና ሴት እየተቀላቀለባቸው፣ «አልቅስ እህቴ» አሏቸው። «አልቅስ። ዛሬ ማን ይከለክልሃል?» ሽማግሌው ራሳቸውም አለቀሱ።

ድንኳን ባይጣልም ቤቱ እስከ ሰልስቱ ሰው አላጣም። አከራዬ ከሱቃቸው ጥቁር ቀደው ለበሱ። ፊታቸው አብጦ፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ እንደዚያን ሰሞን ቅልል ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

የቀዳሁትን ለመምህሬ ሰጠሁት። ለቅሶው ያለበትን ግን ለልጅቷ ብቻ አስቀመጥኩላት፤ ስታድግ ላክሁላት። አሁን እሷም ተማሪ ሆናለች።

አከራዬ ዓምና አረፉ። ለቀብሩ አልደረስኩም፤ ልጅቷ ናት በስልክ የነገረችኝ። ቄሱ ለፍትሐት የክርስትና ስም ሲጠይቋት የአያቷንም የወንድማቸውንም ሰጠቻቸው። የእሱን ያወቀችው ከተቀዳው ድምፅ ነው። ቄሱ ዙሪያቸውን ቃኝተው፣ «ሁለተኛውስ የት ነው ያረፈው ልጄ?» አሏት።

«አናውቅም አባ» አለቻቸው። «ግን ይጥሩት።»