ለዶፋር ተራሮች የዘመርነው የድል መዝሙር

ባለፈው ወር እዚህ አሜሪካ፣ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ላይ እያለሁ ሄኖክ ደወለልኝ። ሄኖክ ዊልቸር የምንገፋ ሠራተኞችን የሚመድበን ልጅ ነው። «እትዬ አልማዝ፣ አንዲት አረብ እናት መጥተዋል፤ እንግሊዝኛ ጭራሽ የለም። ሶ እርስዎ ፒክ አፕ ያድርጓቸው» አለኝ። አረብኛ የምችለው የመን፣ ኤደን ተወልጄ ስላደግሁ ነው። አባቴ ከድሬዳዋ ተሰድዶ የኤደን ወደብ ላይ በያጅ ነበር።

ሴትዮዋን ተቀብዬ ሻንጣቸውን ስንጠብቅ ከየት እንደመጡ ጠየቅኋቸው።

«ከኦማን፣ ከሳላላ» አሉኝ። «በክረምቱ መጥተሽ ብታዪው! ካፊያው፣ ጉሙ፣ ተራራው ሁሉ አረንጓዴ ሲለብስ! አሁንማ ከየአገሩ ለሽርሽር ሰው ይጎርፍልናል።»

ያንን ተራራ እኔም አንድ ጊዜ ከማዶ ሆኜ አይቼዋለሁ። ከጀርባቸው ዊልቸሩን ይዤ ስለቆምኩ ፊቴን አላዩትም እንጂ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። ፍሪስኮ የሚኖረው ልጃቸው መጥቶ ተቀበላቸው፤ ግንባሬን ስመውኝ ሄዱ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ዋልኩ።

ነገሩ የሆነው ከሃምሳ ዓመት በፊት ነው፤ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። በደቡብ ኦማን፣ ዶፋር በሚባለው ተራራማ አገር፣ ግራ ዘመም የአረብ ሽምቅ ተዋጊዎች ከሱልጣኑ ጋር ይዋጉ ነበር። የኤደን መንግሥትም ግራ ዘመም ስለነበር ስንቁም፣ ጥይቱም፣ መጠለያውም የሚሄድላቸው ከእኛ ዘንድ ነው። ሬዲዮው ስለ እነሱ ያወራል፤ የግንብ አጥሩ ሁሉ የእነሱ ሥዕል ነው። አንድ ቀን ከታጋዮቹ አንዷ ትምህርት ቤታችን መጣች። ጡፉል ትባላለች። ከእኛ ብዙም አትበልጥም። ፀጉሯን እንደ ወንድ ተቆርጣለች፤ ጠመንጃዋን ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገችው እኛ የደብተር ቦርሳ እንደምንይዘው ነው።

«እኔ የከብት አርቢ ልጅ ነኝ» አለችን። «ትናንት ወንዶች በተቀመጡበት ቃል አልተነፍስም ነበር። ዛሬ ወንዶች አዛለሁ። ተራራው በሙሉ በእጃችን ገብቷል፤ የቀረን ባሕር ዳር ያለው ከተማ ብቻ ነው።»

የዚያን ዕለት ቤት ገብቼ በእናቴ መቀስ ፀጉሬን ቆረጥኩት። አባቴ ሲያየኝ «ምነው ልጄ፣ ቅማል ገባብሽ እንዴ?» አለኝ። ለእሱ ስለ ትግል ማስረዳት እንደማይቻል ገመትኩና ራሴን በኩራት ቀና አድርጌ አለፍኩት።

ዓመት አለፈ። ኡስታዝ ፋዲል የሚባለው የሙዚቃ አስተማሪያችን ተዋጊዎቹን የሚያበረታታ የመዘምራን ቡድን ወደ ድንበር እንዲወስድ ታዘዘና እኔም ተመረጥኩ። መዝሙሩን የደረሰው ራሱ ነው፤ አዝማቹ «ተራራው ወደ ባሕር ይወርዳል» ይል ነበር። ታጋዮቹ ወርደው ከተማዋን ይይዛሉ ማለት ነው። የካኪ ሱሪና ሸሚዝ ተሰፋልን። አናጢ ደግሞ ከእንጨት ጠመንጃ ሠርቶ ጥቁር ቀባልን።

መንገዱ የባሕሩን ዳር ይዞ የሚሄድ ነው። ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ የጭነት መኪናችን በረጠበው አሸዋ ላይ ይበር ነበር። በየመንደሩ ፀሐይ ላይ የተሰጣው የሻርክ ሥጋ ሽታ ይቀበለናል። ቴምርና የቆርቆሮ ሰርዲን እየበላን፣ ሄል ያለበት የወተት ሻይ እየጠጣን፣ ድምፃችን እስኪሰልል ዘመርን። እንደዚያ የተደሰትኩበት ጉዞ አላስታውስም።

ድንበሩ ላይ ስንደርስ ጉም ወርዶ ነበር። ጦር ሠራዊት እናያለን ብለን ጓጉተን ያገኘነው ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ቁስለኞችና ጎድናቸው የሚቆጠር ላሞች ነው። ጡፉልም ነበረች፤ ከስታ፣ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ጫማ ተጫምታ። ስታቅፈኝ አጥንቷ ወጋኝ።

ተሰልፈን ዘመርን። «ተራራው ወደ ባሕር ይወርዳል» ስንል የእንጨት ጠመንጃችንን ወደ ላይ አነሣን። ማንም አላጨበጨበም። አንዲት አሮጊት በራስ ሻሻቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ እኔ ደስታ ያስለቀሳቸው መሰለኝ። ከዚያ ጡፉል ብድግ ብላ ብቻዋን ማጨብጨብ ጀመረች፤ የቀሩትም ተከተሏት።

ላም አረዱልን። እነዚያ ሰዎች ላም የሚያርዱት ለትልቅ ነገር ብቻ መሆኑን አላወቅንም። ሩዝ ላይ አድርገው አቀረቡልን። አጠገቤ የነበረችው ጓደኛዬ «ጨው አንሶታል» አለች፤ ሳቅን፤ ሁሉንም በላነው።

በማግስቱ ጠዋት ምንጩ ዳር ፊቴን ስታጠብ ጡፉል መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ያ መዝሙራችሁ፣ ኤደን ያለው ሰው ያምነዋል?»

«እንዴታ!»

«ተራራውማ ወርዷል፣ አልማዝ። መጀመሪያ አጎቶቼ ወረዱ። ባለፈው ወር ወንድሜ ወረደ። ወርደው ለሱልጣኑ እጃቸውን ሰጡ። ምሕረት አድርጎላቸዋል፤ ውኃ ያስቆፍርላቸዋል፣ ሐኪም ቤት ይሠራላቸዋል። እኛ ደግሞ እርስ በርሳችን መተማመን አቃተን። ከዳችሁ እያልን የገዛ ሰዎቻችንን ረሸንን። ከዚያ በኋላ ማን ይከተለናል?»

የማታው ዝምታ ያኔ ገባኝ። ሐዘንተኛ ቤት ገብተን እስክስታ ወርደን ነበር።

«ቀሚስ ይዘሻል?» አለችኝ ድንገት።

«ይዣለሁ። ለምን?»

«እናቴ ዘንድ ልሄድ ነው። መንገዱን የሱልጣኑ ወታደር ይጠብቀዋል። በዚህ ሱሪ ካዩኝ አያሳልፉኝም፤ ቢያሳልፉኝም እናቴ ፊት እንዲህ ሆኜ መቆም አልችልም።»

እናቴ ለፋሲካ የሰፋችልኝ ቢጫ አበባ ያለበት ቀሚስ ነበር። ከሻንጣዬ አውጥቼ ሰጠኋት። እጅጌው አጠራት። «እንዴት ነኝ?» አለችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። ጠመንጃዋን ዐለት ላይ አስደግፋ፣ ሱሪዋን አጥፋ ከጎኑ አኖረችና ጉሙ ውስጥ ገባች። አበባው ጥቂት ታየኝ፤ ከዚያ ጠፋ።

ጓደኞቼ የራሳቸውን ልብስ ሲለብሱ እኔ ሌላ ንጹሕ ልብስ ስላልነበረኝ የተመለስኩት በካኪው ነው። አንድ ኬላ ላይ መኪናችን ሲቆም ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሌ ውኃ በጣሳ ይዘው ወጡ። ጓደኞቼ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ለታጋይዋ!» ብለው ለእኔ ሰጡኝ። አጭር ፀጉሬንና ልብሴን አይተው ነው። «ልጄ፣ አላህ ያበርታችሁ» አሉኝ። ጓደኞቼ በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። አይደለሁም ማለት ነበረብኝ፤ ጣሳውን ተቀብዬ ጠጣሁ።

ትምህርት ቤት ስንደርስ ኡስታዝ ፋዲል መድረክ ላይ ወጥቶ «ሞራላቸው ከምንጊዜውም ይልቅ ከፍ ብሏል» አለ። ዓይኑ መሬት መሬት ያያል። መዝሙሩን ድገሙት ተባልን፤ ደገምነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሬዲዮው ስለ እነሱ ማውራቱን ተወ። ተሸነፉ ያለ ማንም የለም። ግንቡ ላይ የነበረው የታጋዮች ሥዕል ተቀብቶ በምትኩ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሥዕል ወጣበት፤ አላፊ አግዳሚው ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

ሰሞኑን ይህን ሁሉ ለልጅ ልጄ ለሊዲያ አጫወትኳት። ቤድፎርድ አብረን እንኖራለን፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። አፏን ከፍታ ሰማችኝና «ሶ አያቴ፣ ማለቴ፣ አንቺ ጎሪላ ፋይተር ነበር? ኦ ማይ ጋድ፣ ኩል ነው እኮ!» አለች።

«አልነበርኩም» አልኳት። «ልብሳቸውን ነው የለበስኩት።»

መሸነፋቸው አያሳፍረኝም፤ የተሸነፈ ብዙ ነው፣ እጃቸውም ንጹሕ አልነበረም። የሚያሳፍረኝ የሰው መከራ ለእኛ የመዝሙር ግጥም መሆኑ ነው። ዛሬም በየስልኩ የሰው አገር ጦርነት እያዩ የሚፎክሩ ልጆች ስመለከት አልቆጣቸውም፤ ራሴን አያለሁ።

ሊዲያ ግን ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር።

«ኦኬ፣ ጡፉልስ? እናቷ ጋ ደረሰ?»

«አላውቅም» አልኳት። የአገሯ ሰው እኔ በምገፋው ዊልቸር ላይ ተቀምጠው ሻንጣ እስኪመጣ ድረስ ስለ ካፊያውና ስለ ጉሙ ሲያወሩኝ፣ ስሟን ጠርቼ እንኳ አልጠየቅሁም።