ከላሊበላ አክሱም አርባ ደቂቃ

መምህር ጥዑመልሳን አክሱም ተወልደው አርባ ምንጭ ያረጁ ሰው ናቸው። በ1978 ዓ.ም. የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆነው ተመድበው መጡ። በአቅራቢያው ካለችው ከላንቴ መንደር ወለቴን አግብተው በከተማዋ ሲቀላ ሰፈር ቤት ሠሩ፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ ከዚያው አልተነቃነቁም።

እናታቸው ወይዘሮ ለተብርሃን ግን አክሱም ብቻቸውን ነበሩ። ልጃቸው ከእኛ ጋር ኑሩ ቢሏቸው፣ ከቤተ ክርስቲያኔ አልርቅም አሉ። ስለዚህ የመምህሩ አንድያ ልጅ ማዕዶት ነርስ ሆና ላሊበላ ስትመደብ ለአባቷ ትልቅ እፎይታ ሆነ። በመኪና ከሆነ ተራራውን መዞር ነው፤ ቀን ተኩል ይፈጃል። በአውሮፕላን ግን አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው። ማዕዶት በየሦስት ወሩ እየበረረች የአያቷን የደም ግፊት መድኃኒት ታደርስ ነበር። መምህሩም ለጠየቃቸው ሁሉ፣ «እናቴ ከልጄ የአርባ ደቂቃ መንገድ ላይ ናት» ይሉ ነበር።

በ2013 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ተነሣ። በረራው ቆመ፤ ስልኩም ተቋረጠ። ለኅዳር የተገዛው መድኃኒት ማዕዶት እጅ ላይ ቀረ። መምህሩ እንደማይሠራ እያወቁ በየጠዋቱ ይደውሉ ነበር። በዓል ሲሆን ምግቡ ሲቀርብ ተነሥተው ግቢ ይወጣሉ። ወለቴ ነገሩ ስለሚገባት አትከተላቸውም።

ታኅሣሥ 2015 አንድ ጠዋት ሲደውሉ የእናታቸው ስልክ ጠራ። ያነሣችው ስልኩን በአደራ ይዛ የቆየችው የእናታቸው ጎረቤት ሚሪያም ነበረች። ወይዘሮ ለተብርሃን ካረፉ ዓመት ከስምንት ወር ሆኗቸው ነበር።

ሲቀላ ድንኳን ተጣለ፤ የወለቴ ዘመዶች ከላንቴ መጥተው ሦስት ቀን ተቀመጡ። መምህሩን ያንገበገባቸው ሞቱ ብቻ አልነበረም። አርባውም ሙት ዓመቱም ሳይሰሙ አልፎ፣ በሕይወት ላልነበሩት እናታቸው ጤና ሲጸልዩ መክረማቸው ነው።

በ2016 ሰኔ የአክሱም በረራ ሲከፈት አባትና ልጅ አዲስ አበባ ተገናኝተው አብረው ሄዱ። መቃብሩን አሳይታ ቤቷ ካስገባቻቸው በኋላ ሚሪያም የከበዳት ነገር እንዳለ ነገረቻቸው።

«በመጨረሻዋ ቀን ዓይናቸው አያይም ነበር። ‹ማዕዶት መጣች?› አሉኝ። ‹መጥቻለሁ፣ አያቴ› አልኳቸው። እጄን እንደያዙ አረፉ። በስምሽ ዋሽቻለሁና ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ማዕዶት ተነሥታ ያንን እጅ ይዛ ሳመችው። መምህሩ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ማዕዶት ላሊበላ አልቆየችም። ዝውውር ጠይቃ አሁን አርባ ምንጭ ትሠራለች፤ የምትኖረውም ከወላጆቿ ጋር ነው። አንዳንዴ እራት ላይ ስለ አያቷ እንዲያጫውቷት አባቷን ትጠይቃለች። መምህሩ ይጀምሩና መሀል ላይ ድምፃቸው ይቆማል። ያኔ አማቷን በሰርጓ ሰሞን ብቻ ያየቻቸው ወለቴ የምታስታውሰውን ያህል ታወራለች።